ሕግ የሚጨምሩ፣ መልስ የሚጨምሩ፦ ማይንክራፍት ያለ ሞድና ከሞድ ጋር

አብዛኞቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች መነሻውንና መድረሻውን ወስነው ተጫዋቹን በተጠረገ መንገድ የሚመሩ ሲሆኑ፣ «ሳንድቦክስ» በመባል የሚታወቀው ዘርፍ የሚያቀርበው ግን ቁሳቁስና ሕግ ብቻ ነው፤ በቁሳቁሱ ምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚያቆምና ምን ሲፈጽም እንደተሳካለት የሚቆጥር የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ከዚህ ዘርፍ በስፋት የታወቀው ማይንክራፍት የመጀመሪያ ቅጂው በስዊድናዊው ፕሮግራም ሠሪ በማርከስ ፐርሾን እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሙሉ እትሙ በ2011 ወጣ፤ አሳታሚውን ሞጃንግን ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በ2023 ደግሞ የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተነገረ።

ጨዋታው በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለት የአጨዋወት ልማዶችን ጎን ለጎን ይዞ ዘልቋል። አንደኛው ጨዋታውን ከአሳታሚው እንደ ወጣ፣ ሳይጨምሩበትና ሳይቀንሱበት መጫወት ሲሆን ተጫዋቾች ይህን «ቫኒላ» ይሉታል። ሁለተኛው «ሞድ» የሚባሉትን፣ ማለትም ከአሳታሚው ውጭ ያሉ ሰዎች የጨዋታውን አሠራር ለመለወጥ ወይም ለማስፋት የጻፏቸውን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ጭኖ መጫወት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው የጥቂትና የብዙ ጉዳይ ተደርጎ ነው፤ ቫኒላን የሚመርጡት ጥራትንና ቀላልነትን፣ ሞድን የሚመርጡት ስፋትንና አማራጭን ያነሣሉ። ልዩነቱን በተጨመረው ነገር ብዛት መለካት ግን ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል፤ በጨዋታው ውስጥ የሚያጋጥም ችግር ሲፈታ፣ የተፈታበት ብልሃት የተጫዋቹ ነው ወይስ የሞድ ሠሪው?

ጥቂት ሕጎች፣ ሰፊ ዓለም

የማይንክራፍት ዓለም እያንዳንዱ ጎናቸው አንድ ሜትር እንደሆነ ከሚታሰብ ኩብ ብሎኮች የተሠራ ነው። ዓለሙን አስቀድሞ የነደፈው ሰው የለም፤ «ሲድ» ከሚባል አንድ መነሻ ቁጥር በሒሳብ ቀመር እየተሰላ፣ ተጫዋቹ በተጓዘ ቁጥር 16 በ16 ብሎክ ስፋት ባላቸው ክፍልፋዮች ይፈጠራል፤ በመሆኑም አንድ ዓይነት እትምና አንድ ዓይነት ሲድ የያዙ ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር ቢቀመጡም ያንኑ ተራራና ያንኑ ወንዝ ያገኛሉ። የዓለሙ ዳርቻ ከመካከሉ በየአቅጣጫው 30 ሚሊዮን ብሎክ ያህል የሚርቅ በመሆኑ ተራ ተጫዋች በእግሩ የሚደርስበት አይደለም።

በዚህ ዓለም የመጀመሪያውን ቀን የሚጀምር ተጫዋች ባዶ እጁን ሜዳ ላይ ይቆማል። ዛፉን በቡጢ ሲመታው ግንዱ ብሎክ ሆኖ ይወድቅለታል፤ ከአንድ ግንድ አራት ጣውላ፣ ከአራት ጣውላ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ይወጣል፤ በጠረጴዛው ላይ ሦስት በሦስት ሆነው በተደረደሩት ዘጠኝ ቦታዎች ሦስት ጣውላና ሁለት በትር በትክክለኛው ቅርጽ ሲቀመጡ የእንጨት ዶማ ይሆናሉ። የእንጨቱ ዶማ ድንጋይን፣ የድንጋዩ ዶማ ብረትን፣ የብረቱ ዶማ አልማዝን ለመቆፈር ያስችላል። አንዱ ሙሉ ዕለት 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ፈጥና ትጠልቃለች፤ ሲመሽም ዞምቢዎች፣ ቀስተኛ አጽሞችና ተጠግተው የሚፈነዱት ክሪፐሮች ስለሚወጡ፣ ያን ጊዜ መጠለያ ያላበጀ ሰው ሌሊቱን በጭንቅ ያሳልፋል። ጨዋታው በስተመጨረሻ የሚገደል ዘንዶ ቢኖረውም፣ ዘንዶውን ሳይፈልጉት ለዓመታት ቤትና ከተማ ሲገነቡ የሚኖሩ ተጫዋቾች ጥቂት አይደሉም።

የቫኒላ ብልሃት ጎልቶ የሚታየው ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ፣ ተጫዋቹ የዓለሙን ሕጎች እንደ ተመራማሪ ማጥናት ሲጀምር ነው። ለምሳሌ ጭራቆች የሚፈጠሩት በጨለማ ስፍራ ነው፤ ከተጫዋቹ በ24 ብሎክ ርቀት ውስጥ አይፈጠሩም፤ ከ128 ብሎክ በላይ ሲርቁት ወዲያውኑ ይጠፋሉ። እነዚህን ቁጥሮች ጨዋታው ለማንም አይነግርም፤ ተጫዋቾች ግን በሙከራና ኮዱን በመመርመር ደርሰውባቸው፣ ሰማይ ላይ ጨለማ ክፍል ሠርተው፣ ከክፍሉ ከ24 ብሎክ በላይ፣ ከምድሩ ደግሞ ከ128 ብሎክ በላይ ርቀው በመቆም፣ በዙሪያቸው ጭራቅ ሊፈጠርበት የሚችለው ብቸኛ ስፍራ ያ ክፍል እንዲሆን ያደርጋሉ። ቀጥሎ የመውደቅ ጉዳት ስሌት ይመጣል፤ የጉዳቱ መጠን የወደቀበት ከፍታ በብሎክ ተቆጥሮ ሦስት ሲቀነስለት የሚገኘው ስለሆነ፣ 20 የሕይወት ነጥብ ያለው ዞምቢ ከ23 ብሎክ ከፍታ ሲወድቅ ይሞታል፤ ከ22 ብሎክ ሲወድቅ ግን አንድ ነጥብ ቀርቶት ይተርፋል። የልምድ ነጥብ የሚገኘው ተጫዋቹ በገዛ እጁ ሲገድል በመሆኑ፣ ይህን ያወቀ ሠሪ ጉድጓዱን በ22 ብሎክ ወስኖ የመጨረሻዋን ምት ለራሱ ያስቀራል።

ከሕጎቹ ሁሉ ፍሬያማው ሬድስቶን ነው። ሬድስቶን ከመሬት በታች የሚቆፈር ቀይ ዱቄት ሲሆን፣ መሬት ላይ ሲነሰነስ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ምልክት ያስተላልፋል፤ ምልክቱ እየደከመ ስለሚሄድ ካልታደሰ ከ15 ብሎክ አያልፍም፤ የሬድስቶን ችቦ ደግሞ የደረሰውን ምልክት ይገለብጠዋል፤ ሲበራ ያጠፋል፣ ሲጠፋ ያበራል። ኮምፒውተር የቆመባቸው የሎጂክ ስሌቶች ሁሉ ምልክትን ከማጣመርና ከመገልበጥ ሊገነቡ ስለሚችሉ፣ ተጫዋቾች በዚህ ዱቄትና በዚህ ችቦ የሚደምሩ፣ የሚቀንሱና ፕሮግራም የሚቀበሉ ማሽኖችን አቁመዋል። ለዚህ ያበቃቸው የመሣሪያ እጥረት ነው፤ ዝግጁ ማስያ ማሽን ያቀርብ በነበረ ጨዋታ ውስጥ ማስያ ለመፈልሰፍ የሚደክም ሰው ባልተገኘ ነበር።

ሞድ እንዴት ገባ

ማይንክራፍት ሲወጣ ለሞድ ሠሪዎች የተዘጋጀ መግቢያ አልነበረውም፤ መግቢያውን የከፈተው ጨዋታው የተጻፈበት ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም «ባይትኮድ» በሚባል መካከለኛ መልክ ስለሚሠራጭ፣ ያን መልክ ሰው ወደሚያነበው ኮድ መልሶ መፍታት በቀጥታ ወደ ማሽን ቋንቋ ከተቀየሩ ፕሮግራሞች ይልቅ ይቀላል። ሞጃንግ ይህን ለማክበድ በኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች ትርጉም በሌላቸው አንድና ሁለት ፊደላት ይተካቸው ነበር፤ ሞድ ሠሪዎች ደግሞ እየተረዳዱ የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ በመመርመር የሚነበብ ስም ይሰጡት ጀመር፤ ኤምሲፒ በሚል ምኅጻረ ቃል የታወቀው የመሣሪያ ስብስብም የዚህ የጋራ ድካም ውጤት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሞዶች የሚጫኑት የጨዋታውን የራሱን ፋይል ከፍቶ የተለወጡትን ክፍሎች በቀድሞዎቹ ላይ በመተካት ነበር፤ ሁለት ሞዶች አንዱን ክፍል ከለወጡት ግን በኋላ የተጫነው የፊተኛውን ያጠፋዋል። በ2011 የተጀመረው ፎርጅ ለዚህ መፍትሔ ሆኖ መጣ። ፎርጅ ራሱ አዲስ ብሎክም ሆነ አዲስ እንስሳ አያመጣም፤ በጨዋታው ኮድ ውስጥ የጋራ መጠሪያ ነጥቦችን አዘጋጅቶ፣ ሞዶች የጨዋታውን ፋይል ሳይነኩ በእነዚያ ነጥቦች በኩል እንዲሠሩ ያደርጋል። ችግሩ በአንድ ጊዜ አልተወገደም፤ እያንዳንዱ የብሎክ ዓይነት በቁጥር ይለይ ስለነበር ሁለት ሞዶች አንድ ቁጥር ሲይዙ ጨዋታው አልነሣም ይል ነበር፤ ተጫዋቾችም የቅንብር ፋይሎችን እየከፈቱ ቁጥሮቹን በእጃቸው ያስታርቁ ነበር፤ ይህ ድካም የቀለለው በ2013 በወጣው 1.7 እትም ዕቃዎች ከቁጥር ይልቅ በስም መለየት ሲጀምሩ ነው። በ2018 ደግሞ ፋብሪክ የተባለ ቀለል ያለ አማራጭ ተነሣ።

አንድ ችግር፣ ሁለት መፍትሔ

የሁለቱን አጨዋወቶች ልዩነት አንድ ተራ ችግር ወስዶ መመርመር ከብዙ ክርክር ይልቅ ያብራራዋል። በማይንክራፍት ለጥቂት ሳምንታት የኖረ ተጫዋች ሣጥኖቹ በድንጋይ፣ በአፈር፣ በዘርና በአጥንት ተደበላልቀው ይሞሉበታል፤ የሚፈልገውን ዕቃ ለማግኘት ከሣጥን ሣጥን መዞር ሲሰለቸው ዕቃውን ራሱ የሚለይ መጋዘን ይመኛል።

የቫኒላ ተጫዋች በእጁ ያለው በ2013 የመጣው ሆፐር ነው፤ ሆፐር ዕቃን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚያሳልፍ አምስት ቦታዎች ያሉት መሣሪያ ሲሆን፣ ዕቃ መለየት ግን አይችልም፤ የደረሰውን ሁሉ ያሳልፋል። ከእርሱ ጋር የመጣው ኮምፓራተር ደግሞ አንድ ማስቀመጫ ምን ያህል እንደሞላ ለክቶ ከ0 እስከ 15 ባለው የምልክት ኃይል ይናገራል። ተጫዋቾች ሁለቱን ሲያጣምሩ የሚከተለውን ደረሱበት፦ በሆፐሩ የመጀመሪያ ቦታ የሚለየው ዕቃ 41 ፍሬ፣ በቀሩት አራት ቦታዎች ደግሞ ሌላ ዕቃ እንዳይገባ ቦታ የሚይዝ አንዳንድ ፍሬ ሲቀመጥ፣ በጠቅላላው 45 ፍሬ የያዘው ሆፐር የሚሰጠው ምልክት 2 ነው፤ አርባ ስድስተኛው ሲገባ ምልክቱ ወደ 3 ከፍ ይላል። ያቺ የአንድ ደረጃ ልዩነት በዱቄቱ ላይ አንድ ብሎክ ርቃ በመሄድ፣ ተዘግቶ የነበረውን የታችኛውን ሆፐር ታስከፍተዋለች፤ ትርፏ ፍሬ ወደ ሣጥኗ ትወርዳለች፤ ምልክቱም ተመልሶ 2 ይሆናል። ለመቶ ዓይነት ዕቃ ይህ ሥራ መቶ ጊዜ ይደገማል፤ ሆፐሩ በሰከንድ ከሁለት ፍሬ ተኩል በላይ ስለማያሳልፍም ዕቃው ሲበዛ መሥመሩ ይታነቃል፤ እዚያም ላይ አዲስ ችግር፣ አዲስ ፈጠራ ይጀምራል።

አፕላይድ ኢነርጂስቲክስ የተባለውን ሞድ የጫነ ተጫዋች ግን ከሌላ ዓለም የመጣ መልስ ያገኛል። ከመሬት የሚወጣ ሰርተስ ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ቆፍሮ፣ አንጥሮና አቀነባብሮ የማከማቻ ካርዶችን ይሠራል፤ እያንዳንዱ ካርድ እስከ 63 ዓይነት ዕቃ በመረጃ መልክ ይይዛል፤ ካርዶቹ በገመድ ከተገናኙ በኋላ ተጫዋቹ አንድ መስኮት ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ዕቃ ስም ሲጽፍ ዕቃው ከፊቱ ይቀርብለታል። መጋዘኑም፣ መለያውም፣ መፈለጊያውም በአንድነት ተፈትተዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ የላቀ መሆኑ አያከራክርም፤ ብልሃቱ ግን በአብዛኛው የሞድ ሠሪው ነው። የቫኒላው ተጫዋች የምልክት ኃይልን ስሌት ለመረዳት ተገዷል፤ ሠርቶት ሲያበቃም የእያንዳንዷን ብሎክ ምክንያት ያውቃል። የሞዱ ተጫዋች የተማረው የመሣሪያውን አጠቃቀም ነው፤ በአንጻሩ ጊዜውና ሐሳቡ ነፃ ስለወጣለት ከመጋዘን ወደሚበልጡ ዕቅዶች ይሸጋገራል። ሁለቱም አንድ ነገር ከፍለው አንድ ነገር አግኝተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ይኸው ሞድ ራሱ ሆን ብሎ እጥረት መፍጠሩ ነው፦ አንድ ተራ ገመድ የሚሸከመው 8 መሥመር፣ ወፍራሙ ገመድ 32 ብቻ በመሆኑ፣ ሰፊ መረብ የሚዘረጋ ሰው የገመዱን አቅጣጫና ቅርንጫፍ ማቀድ ግድ ይሆንበታል። ብዙ ተጫዋቾች በዚህ ገደብ ቢያማርሩም፣ ሠሪዎቹ ገደብ የሌለው መሣሪያ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ የሚያሳስብ ነገር እንደማያስቀር የተረዱ ይመስላል።

የሚያከብዱ ሞዶች

ሞድ ማለት ማቅለያ ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ግሬግቴክ የተባለው የኢንዱስትሪ ሞድ ከአንድ ግንድ ይገኝ የነበረውን አራት ጣውላ፣ ተጫዋቹ መጋዝ እስኪሠራ ድረስ ወደ ሁለት ዝቅ ያደርገዋል፤ ማዕድኑም ተቆፍሮ በቀጥታ በመቅለጥ ፈንታ ሲደቅቅ፣ ሲታጠብና ሲነጠር በየደረጃው ሌላ ተረፈ ምርት የሚወጣበት ረጅም ሂደት ይሆናል። ቴራፈርማክራፍት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ በቡጢ ዛፍ መቁረጥን ከልክሎ ተጫዋቹ ከመሬት ጠጠር ለቅሞ፣ ፈልጦና ስሎ የድንጋይ መጥረቢያ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ምግብ እንዲበሰብስና ወቅት እንዲፈራረቅም ያደርጋል።

እነዚህ ሞዶች የሚያመጡት ክብደት ከቫኒላ ነፃነት በባሕርዩ ይለያል። ቫኒላ ችግሩን አይሰይምም፤ ተጫዋቹ ራሱ ችግር መርጦ ራሱ ይፈታል። በብዙ ሞዶች የተሞሉ ጥቅሎች ግን ተጫዋቹ በሺህ በሚቆጠሩ አዳዲስ ዕቃዎች መካከል እንዳይጠፋ የተግባር መጽሐፍ ያዘጋጁለታል፤ መጽሐፉም ይህን ሥራ፣ ቀጥሎ ያን ሥራ እያለ በተራ ይመራዋል። በዚህም የተነሣ ዓለሙ በዕቃ እየሰፋ በሄደ ቁጥር የተጫዋቹ መንገድ እየጠበበ የሚሄድበት ተቃርኖ ይፈጠራል፤ ዓላማ የለሽ ተብሎ የተጀመረው ጨዋታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት የሚፈጅ የተወሰነ ዓላማ ይዞ ይገኛል። ለአንዳንዱ ተጫዋች ይህ መታደግ ነው፤ ባዶ ዓለም ፊት ቆሞ ምን እንደሚሠራ ለማይገባው ሰው የተሰጠ አቅጣጫ ትልቅ ስጦታ ነውና። ራሱ ዓላማ ማውጣትን የጨዋታው ዋና ደስታ ላደረገ ሰው ግን ያው መጽሐፍ ደስታውን የሚወስድ ይሆናል።

በዚህ መካከል ሦስተኛ ዓይነት ሞድ አለ፤ ለዚህም ክሪኤት የተባለውን፣ በ2019 የወጣውን ሞድ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ክሪኤት የሚያመጣው የመሽከርከርን ኃይል ነው፦ የውኃ መዘውርና የነፋስ ወፍጮ ኃይሉን ያመነጫሉ፤ ዘንግ፣ ማርሽና ችንጋ ኃይሉን ያስተላልፋሉ፤ ትልቅ ማርሽ ከትንሽ ማርሽ ጋር ሲገጥም ፍጥነቱ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ማሽን በፈጠነ መጠን የሚጥለው ሸክም ስለሚጨምር፣ አመንጪው ከሚችለው በላይ የተጫነበት ሥርዓት በአንድነት ይቆማል። ዱቄት የሚፈጭ አንድ ዝግጁ ሣጥን ከማቅረብ ይልቅ ወፍጮ፣ መጭመቂያ፣ መቀላቀያና ማጓጓዣ ክፍሎቹን ለየብቻ ስለሚሰጥ፣ ሁለት ተጫዋቾች ለአንድ ሥራ የሚያቆሟቸው ፋብሪካዎች አይመሳሰሉም። አፕላይድ ኢነርጂስቲክስ የተጋገረ እንጀራ ቢያቀርብ፣ ክሪኤት ጤፉንና ምጣዱን አቅርቦ መጋገሩን ለባለቤቱ ይተወዋል። ትክክለኛው መለያ መሥመር ሞድ መኖርና አለመኖር ላይ እንዳልተሰመረ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ አንዳንዱ ጭማሪ መልስ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ሕግ ይጨምራል፤ ሕግ የሚጨምር ሞድ ከመንፈሱ አንጻር ለቫኒላ የቀረበ ነው።

ከሞድ ወደ ዋናው እትም

«ያልተነካ» የሚባለው ጨዋታም ቢሆን ከሞድ ንጹሕ አይደለም። ብሎክን የሚገፋውና የሚስበው ፒስተን፣ ዛሬ የቫኒላ ሬድስቶን ሠሪዎች ያለ እርሱ መሥራት የማይችሉት መሣሪያ፣ በ2011 ወደ ዋናው ጨዋታ የገባው አስቀድሞ ሞድ ሆኖ ከተሠራ በኋላ ነው። በ2013 በ1.6 እትም የመጡት ፈረሶች የተዘጋጁት ሞ ክሪቸርስ የተባለውን የእንስሳት ሞድ ከሠራው ሰው ጋር በመተባበር ነበር። ፊንላንድ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀው ማይንክራፍትኢዱ የተባለው ማሻሻያም በ2016 በማይክሮሶፍት ተገዝቶ የጨዋታው ይፋዊ የትምህርት እትም መነሻ ሆኗል።

አሳታሚው ለሞድ ሠሪዎች ያለው አቋምም ደረጃ በደረጃ ተለውጧል። በ2019 ሞጃንግ የተደበቁት ስሞች የቱ የቱን እንደሚወክሉ የሚያሳይ ዝርዝር በይፋ ማውጣት ጀመረ፤ በ2025 ደግሞ የጃቫውን እትም ስሞች መደበቅ ጨርሶ እንደሚተው አስታወቀ። በመካከሉ በ2018 የወጣው 1.13 እትም «ዳታ ፓክ» የሚባል መካከለኛ መንገድ አበጅቷል፤ ተጫዋቾች ፕሮግራም ሳይጽፉና ጨዋታውን ሳይነኩ የአሠራር ቀመሮችን፣ ዕቃዎች የሚገኙበትን ዕድልና ሌሎች ደንቦችን በጽሑፍ ፋይል ሊለውጡ ይችላሉ። ዳታ ፓክ የተጫነበት ዓለም ቫኒላ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በተጫዋቾች መካከል እስካሁን አንድ መልስ አላገኘም።

የጋራ መለኪያ

ሞድ የፈለገውን ያህል ቢያድግ ቫኒላ የማይተካበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ብዙ ሰዎች ችሎታቸውን የሚመዝኑበት የጋራ መለኪያ መሆኑ ነው። ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንሥቶ ዘንዶውን እስከ መግደል በአጭር ጊዜ ለመጨረስ የሚደረገው ውድድር የሚያምነው ሁሉም በአንድ ሕግ መጫወታቸውን ነው። በውድድሩ ወሳኝ የሆኑ ሁለት ዕቃዎች በዕድል ይገኛሉ፤ የኤንደር ዕንቁ ፒግሊን ከተባሉ ፍጥረታት ጋር ወርቅ በመለዋወጥ፣ የብሌዝ ዘንግ ደግሞ ብሌዝ የተባለውን ጭራቅ በመግደል ነው።

በ2020 ድሪም በሚል ስም የታወቀው ዩቲዩበር ባስተላለፋቸው ስድስት የቀጥታ ሥርጭቶች በ262 ልውውጦች 42 ጊዜ ዕንቁ፣ ከ305 ብሌዞች ደግሞ 211 ዘንግ አገኘ። የዕንቁው ዕድል በእያንዳንዱ ልውውጥ 4.73 በመቶ ገደማ፣ የዘንጉ 50 በመቶ ስለነበር፣ የሚጠበቀው 12 ጊዜ ያህል ዕንቁና 152 ያህል ዘንግ ነበር። የውድድሩ ዳኞች ለጥርጣሬው ልዩ ልዩ ማስተካከያ ካደረጉ በኋላም እንዲህ ያለ ዕድል የመገኘቱን መጠን ከ7.5 ትሪሊዮን አንድ ብለው አሰሉት፤ ውጤቱም ተሰረዘ። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ክሱን ቢያስተባብልም፣ በ2021 ዕድሉን የሚለውጥ ሞድ በጨዋታው ውስጥ እንደነበረ፣ ሆን ብሎ ግን እንዳልተጠቀመበት ገለጸ። ዳኞቹ ያለ አንድ ምስክር፣ በስሌት ብቻ እዚህ መደምደሚያ ላይ ሊደርሱ የቻሉት የቫኒላ ዕድሎች የታወቁና ለሁሉም አንድ በመሆናቸው ነው። ያም ሆኖ የውድድሩ ደንብ ሞድን በጅምላ አያወግዝም፤ ምስሉን የሚያፈጥኑ እንደ ሶዲየም ያሉ የተመረጡ ሞዶች ተፈቅደዋል፤ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ቢረዱም የዓለሙን ሕግ አይነኩምና።

የሞድ ዋጋ

ሞድ የሚጭን ሰው ከመጫወቱ በፊት የሚከፍላቸው ዋጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ከዘመን ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ ዋናው ጨዋታ በታደሰ ቁጥር ሞዶች እንደገና መጻፍ ስለሚኖርባቸው፣ ታላላቅ የሞድ ጥቅሎች በአሮጌ እትም ላይ ይቀራሉ፤ በግሬግቴክ ዙሪያ የተገነባው ኒው ሆራይዘንስ የተባለው ጥቅል እስከ ዛሬ የቆመው በ2014 በወጣው 1.7.10 እትም ላይ ነው። ሁለተኛው የማሽን አቅም ነው፤ የጨዋታው አስጀማሪ ለረጅም ጊዜ በነባሪነት ይመድበው የነበረው 2 ጊጋባይት ራም ለቫኒላ ሲበቃ፣ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ሞዶች የያዙ ጥቅሎች የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ጥገኝነት ነው፤ አንድ ሞድ ከነባር ዓለም ሲነሣ በእርሱ የተሠሩት ብሎኮች አብረውት ይጠፋሉ።

ከእነዚህ የሚከፋው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የጃቫ ሞድ በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ስለሚሠራ፣ ተጫዋቹ ሞድ ሲጭን የማያውቀውን ሰው እያመነ ነው። በጁን 2023 ፍራክቸራይዘር የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በጥሰት በተያዙ የሠሪዎች አካውንቶች በኩል ከርስፎርጅ በተባለው ትልቅ የሞድ ማከፋፈያ ውስጥ ገብቶ፣ የተጫዋቾችን የመግቢያ መረጃና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ለመስረቅ ሲሠራ ተገኝቷል። የባለቤትነት ጥያቄም የራሱን ጉዳት አድርሷል፤ ሰርቨሮችን የሚያሻሽለው ቡኪት የተባለው ሥራ በ2014 ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ አንዱ ባነሣው የቅጂ መብት ጥያቄ ምክንያት ከሥርጭት ወጥቶ፣ በእርሱ ላይ የቆሙ ብዙ ሰርቨሮችን አናግቷል። በስልክና በኮንሶል የሚጫወተው ሰው ይህ ሁሉ ብዙም አይደርስበትም፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የተጻፈው ቤድሮክ የተባለው እትም የሚቀበለው ሞጃንግ በወሰነው ልክ የተገደቡ ጭማሪዎችን ነው፤ በ2017 በተከፈተው ይፋዊ ገበያም ጭማሪዎች በገንዘብ ይሸጣሉ። በጃቫው እትም ግን ሞድ ሠሪው ሥራው የራሱ ቢሆንም ሊሸጠው አይፈቀድለትም። ደኅንነቱ የተጠበቀው በር ጠባብ፣ ሰፊው በር ጥበቃ የሌለው ሆኖ ይገኛል።

የመምረጫው መሥፈርት

ከላይ ከተመለከቱት ነገሮች የሚከተለው መደምደሚያ ይወጣል። ሞድ በመሠረቱ በዋናው ጨዋታ ውስጥ ለተሰማ ጉድለት የተሰጠ ምላሽ ነው፤ አፕላይድ ኢነርጂስቲክስ የሣጥኖችን መደበላለቅ፣ ግሬግቴክ የማዕድንን ቀላልነት፣ ክሪኤት የእንቅስቃሴን እጦት ይመልሳሉ። ጉድለቱን ራሱ ያልቀመሰ ሰው የምላሹን ዋጋ መመዘን ስለማይችል፣ ቫኒላን ሳያውቁ በሁለት መቶ ሞዶች መጀመር ለብዙዎች ግራ መጋባትን ያተርፋል። በአንጻሩ ቫኒላን እስከ ጥልቀቱ የሚያውቅ ተጫዋች ሞድን እንደ ክህደት የሚቆጥርበት ምክንያት የለውም፤ እርሱ የሚወዳቸው ፒስተንና ፈረስ የመጡት በዚያው በር ነውና።

ስለዚህ ምርጫው «ሞድ ይኑር ወይስ አይኑር» ተብሎ በጅምላ መወሰን አይኖርበትም፤ ለእያንዳንዱ ሞድ ለየብቻ ሁለት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበቃል። ይህ ሞድ የሚያስወግደው ችግር ተጫዋቹ ራሱ ሊፈታው የሚወደው ችግር ነውን? ሞዱስ በችግሩ ፈንታ የሚያስብበት አዲስ ሕግ ይተውለታል፣ ወይስ ያለቀ መልስ ብቻ? ለመጀመሪያው «አዎን»፣ ለሁለተኛው «ያለቀ መልስ» ብሎ የሚመልስ ሰው ያን ሞድ ቢተወው ይሻለዋል፤ ዕቃ መለየት የሚያደክመው፣ ከተማ መገንባት ግን የሚያስደስተው ሰው ደግሞ ያንኑ ሞድ ያለ ጸጸት ሊጭነው ይገባል። በአንድ ሰው ዓለም ውስጥ ደስታን የሚገድለው ጭማሪ በሌላው ሰው ዓለም ውስጥ ለደስታው ጊዜ የሚሰጠው ሊሆን ይችላልና፣ መሥፈርቱ አንድ ሆኖ መልሱ በየተጫዋቹ መለያየቱ የሳንድቦክስ ጨዋታ ራሱ የሚጠይቀው ነው።